የአማቱን ሱቅ ያሸገው ተቆጣጣሪ

በቫርዳሪስ ገበያ መግቢያ ላይ በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ቃሪያ የሚሸጥ አንድ ዓይና ሰው ነበር። ስቴርጊዮስ ዳልካስ ገና ከጥጉ ብቅ ሲል ይህ ሰው ቀና ብሎ ሰማዩን ያይና፣ "ዛሬስ ደመናው ከበድ ብሏል" ይላል ጮክ ብሎ። በሐምሌ ወር የተሰሎንቄ ሰማይ አንዲት ነጭ ነጠብጣብ እንኳ የለበትም። ገበያው ግን ነገሩ ይገባዋል። ዓሣ ሻጩ የትናንቱን ከዛሬው ሥር ይሸጉጣል፤ ሥጋ ሻጩ ደም የጠጣውን ሽርጥ ገልብጦ ይታጠቃል፤ ወተት ሻጩ ደግሞ በድንገት ቤተ ክርስቲያን መሳለም ያምረውና ከነዕቃው ይሰወራል።

ስቴርጊዮስ የሰፈሩ የጤና ተቆጣጣሪ ነው። የደመናውን ነገር በተሾመ በሦስተኛው ቀን ነቅቶበታል፤ ግን እንዳልሰማ ያልፋል። ሚስቱ ቫያ አንድ ቀን፣ "ለምን ዝም ትላቸዋለህ? እያሾፉብህ እኮ ነው" ብትለው ሳቀ።

"ይሩጡ እንጂ። እኔ የምከተለው የሚሮጠውን ሰው ነው። አርፎ የተቀመጠውማ ምን ሥራ ይፈጥርልኛል?"

ተወልዶ ያደገው በደጋ መንደር፣ በአይብ ሠሪ ቤት ነው። ከጦርነቱ በኋላ መንግሥት ወጣቶችን ለጤና ሥራ ሲያሠለጥን ስምንት ወር ተማረና አንድ የቆዳ ቦርሳ ተሰጠው። ወተት ውሃ የገባበት መሆኑን የሚለይ የመስታወት ዘንግ፣ የሙቀት መለኪያ፣ የናሙና ጠርሙሶች፣ የክሎሪን ዱቄት፣ ቀይ ሰምና የነሐስ ማኅተም ነበሩበት። ይህን ይዞ በየሱቁ ሲዞር ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ይህ የምናወራው ነገር በሆነበት ጊዜ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1954፣ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነበር። ቀጭን፣ መለሎ፣ አፍንጫው ከእሱ ቀድሞ በር የሚገባ ሰው ነው። ገበያውም "አፍንጫው" ብሎ ሰይሞታል።

ከነጋዴዎቹ ሁሉ እንደ ዶምና የጠመደው አልነበረም። ታላቅ ሴት ናትና ሰፈሩ ሁሉ ኪራ ዶምና ይላታል፤ ወንድ ቢሆን ኪር ይባላል። ወደ ወደቡ በሚወስደው መንገድ ዳር የጨጓራ ሾርባ ትሸጣለች። የወደብ ጫኞች ማለዳ ከሥራ በፊት ነጭ ሽንኩርትና ኮምጣጤ ጨምረው፣ በርበሬ ነስንሰው ፉት የሚሉት እሷ ዘንድ ነው። ስቴርጊዮስ ይህችን ሴት ሁለት ጊዜ አሽጓታል። አንዴ ድስቱ ያለ ክዳን ተቀምጦ ስላገኘው፤ ሁለተኛ ደግሞ ድመቷ ከሳህኖቹ መደርደሪያ ላይ ተጋድማ ስላገኛት። በሁለተኛው ጊዜ ዶምና እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ በሩ ላይ ቆመች።

"የምታሽገው ድመቷን ነው ሱቁን?"

"ሱቁን ነው፣ ኪራ ዶምና።"

"ድመቷን እሸጋት እንጂ። ጥፋተኛዋ እሷ፣ የምቀጣው እኔ። ይሄ ነው የተማራችሁት?"

ተሰብስቦ የነበረው ሰው ሳቀ። ስቴርጊዮስም ሳቁን ሲታገል እጁ ተንቀጠቀጠና ማኅተሙ ጠመመበት። ዶምና ያን ጠማማ ማኅተም ሱቁ ታሽጎ በቆየባቸው ሦስት ቀናት ሙሉ ለመንገደኛው ሁሉ ስታሳይ ከረመች። "ቀጥ አድርጎ ማተም የማይችል ሰው እኔን ቀጥ ሊያደርገኝ!" ትላለች።

በሰፈሩ ውስጥ ስቴርጊዮስ አንድም እንከን ያላገኘበት ሱቅ አንድ ብቻ ነበር፤ የአማቱ የኪር ዛፊሪስ። ኪር ዛፊሪስ ከባሕር ማዶ፣ ከሰምርኔስ ተፈናቅለው የመጡ የስድሳ አምስት ዓመት ሰው ናቸው። ቪሲኖ የሚባለውን ጥቁር ቀይ ጎምዛዛ ፍሬ ከስኳር ጋር አፍልተው፣ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው፣ የተፈጨ በረዶ ጨምረው ይሸጣሉ። ሽርጣቸው በስታርች የተተኮሰ፣ ብርጭቋቸው ከፀሐይ ጋር የሚፎካከር ነው። ሰፈሩ፣ "እዚያ ቤት ዝንብ እንኳ እግሯን ሳትጠርግ አትገባም" ይላል።

ትዳሩንም ያገኘው ከዚሁ ቤት ነው። ከሰባት ዓመት በፊት አዲስ ተቆጣጣሪ ሳለ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሱቁን ሦስት ጊዜ ሊመረምር መጣ። በሦስተኛው ኪር ዛፊሪስ መነጽራቸውን አውልቀው እያጸዱ፣ "ልጄ፣ የምትፈልገው ቆሻሻ ከሆነ እዚህ የለም። ልጄን ከሆነ ግን በወጉ ሽማግሌ ላክ" አሉት። ቫያ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ሰማች። ሽማግሌዎቹ በሚቀጥለው እሑድ መጡ።

ስቴርጊዮስ በገዛ እጁ ጽፎ "ለሌሎች አርአያ የሚሆን ንጹሕ ሱቅ" የሚል ወረቀት ከባንኮኒው በላይ ሰቅሎላቸዋል። ከዚያ ወዲያ ወደ ሱቁ የሚገባው እንደ አማች እንጂ እንደ ተቆጣጣሪ አልነበረም። አንድ መንጋጋ ጥርሱ ቀዝቃዛ ሲነካው ስለሚያመው፣ አማቱ የእሱን ብርጭቆ ሁልጊዜ ያለ በረዶ ነው የሚቀዱለት። እሱም ጠጥቶ፣ አመስግኖ ይወጣል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው ለካ እንዲህ ላለው ሰው ነው።

የዚያ ዓመት በጋ ድርቅ ነበር። የነቢዩ ኤልያስ በዓል በሐምሌ አጋማሽ አልፎ ሁለት ሳምንት እንደሆነ፣ የሰፈሩ ጤና ጣቢያ ሐኪም ዶክተር ቫምቫካስ ስቴርጊዮስን አስጠሩት።

"የአንጀት ተስቦ ገብቷል" አሉት። "በስድስት ቀን ውስጥ አሥራ አንድ ሰው። ሁሉም ከአንተ ሰፈር። እኔ አዲሱን መድኃኒት እየሰጠሁ ነው፤ እስካሁን በነፍሱ የሚያሰጋኝ የለም። አንተ ደግሞ ምንጩን ፈልግልኝ። ዛሬ ካልተደፈነ ነገ መቶ ይሆናል።"

ስቴርጊዮስ ደብተሩን ይዞ አሥራ አንዱንም ቤት አዳረሰ። "ባለፈው ወር ምን ምን በላችሁ?" እያለ ጠየቀ። ፓራስኮስ የሚባለው የወደብ ጫኝ ትራሱን ተደግፎ፣ "ሥጋ። በየቀኑ ሥጋ" አለ። የልብስ ሰፊው ሚስት፣ "እኛ ከዶሮ ሌላ ብዙም አንወድ" አለች። ጡረተኛው ባቡር ነጂ ዓሣ በሎሚ አለ። ሌላው የበግ ጥብስ፣ ሌላው በቅቤ ያበደ ሩዝ። ማታ ቤቱ ተቀምጦ ደብተሩን ሲገልጠው የበሽተኞች ዝርዝር ሳይሆን የሠርግ ድግስ መሰለው። በአሥራ አንዱ ቤት አንድም የሚገናኝ ነገር የለም።

ወሬ ግን ደብተር አያስፈልገውም። በማግሥቱ ገበያው ፍርዱን ሰጥቶ አደረ። "ጨጓራ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? ሁለት ጊዜስ ታሽጋ የለም?" ተባለ። በሦስተኛው ቀን የዶምና አግዳሚ ወንበሮች ባዶ ቀሩ። በአራተኛው ጠዋት በሯ ላይ አንድ ሰው በከሰል "ተስቦ" ብሎ ጽፎባት ተገኘ።

ዶክተር ቫምቫካስም ተቸገሩ። "ለጊዜው እሸጋት፣ ስቴርጊዮስ። ሕዝቡ ይረጋጋ።"

"ማስረጃ የለኝም፣ ዶክተር።"

"ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አሽገሃት የለም?"

"ያን ጊዜ ድመቷን በዓይኔ አይቻታለሁ።"

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ቢሮው ሲመለስ ዶምና በሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ አገኛት። ሽርጧን አላወለቀችም። እጆቿ ከሰል በከሰል ነበሩ፤ በሯን ስትፍቅ ውላለች።

"ለምን አላሸግኸኝም?" አለችው።

"የማሽግበት ምክንያት አላገኘሁም።"

"ሁለት ጊዜ በድመትና በክዳን አሽገህ፣ አሁን አገሩ ሁሉ እሸጋት ሲልህ ምክንያት አጣሁ ትላለህ።" ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ሰዎቹ ምን በላን አሉህ?" ብላ ጠየቀች።

ለማያገባው ሰው የበሽተኛ ነገር መንገር ደንቡ አይፈቅድም። ስቴርጊዮስ ግን ደብተሩን ገለጠና አነበበላት። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ዶምና ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። በአራት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ መሳቋ ነበር።

"የልብስ ሰፊው ሚስት ዶሮ? ከፋሲካ ወዲህ በዚያ ቤት ዶሮ ሲጮህ ተሰምቶ እንደሆነ እንጂ ሲበላ አልታየም። ፓራስኮስ ሥጋ? ፓራስኮስ ሥጋ የሚያየው እኔ ዘንድ ነው፤ እሱም ጨጓራ ነው፤ ያንንም ከወር ወዲህ ሆዴን ይነፋኛል ብሎ ትቶታል። አየህ ልጄ፣ ሰው ለመንግሥት ሰው ድህነቱን አይነግርም። ቦርሳና ኮፍያ ይዘህ ገብተህ ምን በላህ ስትለው፣ የበላውን ሳይሆን የተመኘውን ነው የሚነግርህ።"

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"ተነሥ። ቦርሳህን ተወው። ኮፍያህንም አውልቅ። ስገባ ከኋላዬ ግባ፤ እስክጠቅስህ ድረስ አትናገር።"

እንዲህ ሆነው ወጡ፤ ሰፊዋ ዶምና ከፊት፣ ቀጭኑ ስቴርጊዮስ ከኋላ። መንገደኛው ሁሉ ሥራውን ትቶ አያቸው። አንዱ፣ "ኪራ ዶምና፣ አሰርሽው ወይስ አሰረሽ?" ሲል፣ "ገና እየተጓተትን ነው" ብላው አለፈች።

መጀመሪያ የገቡት ፓራስኮስ ቤት ነበር።

"አንተ ፓራስኮስ፣ በየቀኑ ሥጋ በላሁ ብለሃል አሉ።"

"በልቻለሁ፣ ኪራ ዶምና።"

"በሕልምህ ነው?"

ሚስቱ ከጓዳ ሳቋ አመለጣት። ፓራስኮስም በብርድ ልብሱ አፉን ሸፍኖ ሳቀ። ከዚያ እውነቱ ወጣ፤ ዳቦና ወይራ፣ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ አልፎ አልፎ ባቄላ። "መጠጥስ?" አለችው። "ውሃ ነዋ። የኤልያስ ዕለት ብቻ ከቤተ ክርስቲያን ስንወርድ ሙቀቱ ጸንቶብን ነበርና ለራሴ ከኪር ዛፊሪስ አንድ ቪሲኖ ገዛሁ። ሁለተኛም ደገምኩ። በረዶው ልብ ያርሳል።" ስቴርጊዮስ ጻፈ።

ልብስ ሰፊው ቤት ዶሮው ወደ ጎመን ተለወጠ። ጡረተኛው ባቡር ነጂ ዓሣውን ካደና፣ "ዓሣ የበላሁት ባለፈው ዓመት ነው፤ ጣዕሙ ግን አሁንም አለ" አለ። አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ፣ ኤሌንጎ የምትባል፣ ትኩሳቱ ገና ያልለቀቃት፣ እናቷ እንደምትለው የበጋው ሙቀት ከጀመረ ወዲህ ከቪሲኖ በቀር ምንም አልወርድ ብሏት ነበር። ስቴርጊዮስ ይህንንም ጻፈ። በየቤቱ ዶምና ትጠይቃለች፣ ታላግጣለች፣ ትቆጣለች፤ እሱ ይጽፋል።

ከሰባተኛው ቤት ሲወጡ ዶምና የድንጋይ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።

"እግሬን አመመኝ።"

"ትንሽ ይረፉ። አራት ቤት ነው የቀረን።"

ዶምና ቀና ብላ አየችው። ፊቷ ላይ ያ የለመደው ፌዝ አልነበረም። "ልጄ፣ እዚህ ላይ ይብቃን። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል። የኔ በር እንደሆነ ታጥቧል፤ ወሬውም አንድ ቀን ያልፋል።"

ስቴርጊዮስ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አላየሁትም ነበር ይላል። ቫያ ደግሞ፣ "ማየት አልፈለገም እንጂ" ትላለች። ያኔ ግን ደብተሩን ወደ ብርሃኑ አዙሮ ሰባቱን ገጽ አንድ በአንድ ገለጠ። በሰባቱም ላይ በገዛ እጁ ቪሲኖ ብሎ ጽፏል። በሰባቱም ላይ ኪር ዛፊሪስ ብሎ ጽፏል።

ደብተሩን ዘጋ። "ቀሪዎቹን አራቱንም እንጠይቅ" አለ።

ዶምና እጇን ሰጠችውና ጎትቶ አነሣት። አራቱም ቤት ያው ሆነ።

በማግሥቱ ማለዳ ቦርሳውን ይዞ፣ ኮፍያውን አድርጎ አማቱ ሱቅ ገባ። ኪር ዛፊሪስ ብርጭቆ ይወለውላሉ።

"ዛሬ በማለዳ? ቫያ ደህና ናት?"

"ደህና ናት፣ አባባ። በረዶውን እንዴት እንደሚያዘጋጁት ላይ ብዬ ነው።"

አማቻቸው ከሆነ ወዲህ ስለ ሥራቸው ሲጠይቃቸው የመጀመሪያው ነውና ሽማግሌው ደስ አላቸው። እጁን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱት። በረዶው ከፋብሪካ በጋሪ ተጭኖ፣ እንዳይቀልጥ ሰጋቱራ ተነስንሶበት ይመጣል። "ሌላው ነጋዴ ላዩን በጨርቅ ጠረግ ያደርግና ይፈጨዋል" አሉ ፊታቸውን አጨፍግገው። "እኔ ግን ሰጋቱራና የመንገድ አቧራ የነካው በረዶ ለሰው አልሰጥም። ሦስት ጊዜ አጥበዋለሁ። ሦስት ጊዜ!"

"በምን ውሃ?"

"ድሮ በቧንቧ ነበር። ከሰኔ ወዲህ ቧንቧው ረፋድ ላይ ይደርቃል። አሁን ከዚሁ ከጉድጓዴ ነው የምቀዳው። እስቲ እየው፣ እንደ እንባ የጠራ ነው።"

በባልዲ ቀድተው አሳዩት። እውነትም የጠራ ነበር። ስቴርጊዮስ ግን የሚያየው ከጉድጓዱ ጀርባ ያለውን አጥር ነበር። ከአጥሩ ማዶ የጋሪ ነጂዎች ማደሪያ አለ። በአጥሩ ላይ ተንጠራርቶ ተመለከተና የማደሪያውን የሽንት ቤት ጉድጓድ እስከ አማቱ ጉድጓድ ድረስ በዓይኑ ለካው። ስድስት እርምጃ አይሞላም። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ የየሰዉን ጓሮ ሲመረምር፣ ይህን ጓሮ አንድ ቀን ረግጦት አያውቅም።

ሁለት የናሙና ጠርሙስ ሞላ። ቀዩን ሰም አወጣ።

"ምን ልታደርግ ነው?" አሉ ኪር ዛፊሪስ።

"ውጤቱ በአራት ቀን ይመጣል። እስከዚያ ሱቁን ማሸግ አለብኝ፣ አባባ። የታመሙት ሰዎች ሁሉ የጠጡት ከዚህ ነው።"

ሽማግሌው ከባንኮኒው በላይ ወዳለው ወረቀት ጣታቸውን ቀሰሩ።

"ይህን የሰቀለው ማን ነው?"

"እኔ ነኝ።"

"የሚያሽገኝስ ማን ነው?"

"እኔ ነኝ።"

"እንግዲያው ሁለታችሁ ተነጋገሩና የተስማማችሁበትን ንገሩኝ።"

ወንበር ላይ ወጥተው ወረቀቱን ራሳቸው አወረዱት። በጥንቃቄ አጥፈው ኪሱ ውስጥ ከተቱለት። "ንጹሕ ሰው ስታገኝ ትሰጠዋለህ" አሉና ሽርጣቸውን አውልቀው ወጡ። ስቴርጊዮስ በሩን ዘግቶ አተመ። ይህኛው ማኅተም ቀጥ ብሎ ነበር፤ እሱ ግን ሲያየው ደስ አላለውም።

ወሬው ከእሱ ቀድሞ ቤቱ ደርሷል። ቫያ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ምድጃው ጎን ቆማ ጠበቀችው።

"አባቴን አሸግኸው አሉ።"

"ሱቁን ነው።"

"አባቴ ከሱቁ ተለይቶ ያውቃል?"

ሳህኑን ፊቱ ጧ አድርጋ አስቀመጠችለትና ፊቷን አዙራ ተቀመጠች። ሾርባው ቀዘቀዘ። "አንድ ነገር ልጠይቅህ" አለች። "እናቴ ለነፍሰ ጡር ቀዝቃዛ አይሆንም ብላ ባትከለክለኝ ኖሮ፣ እኔም ጠጥቼው ነበር?"

"ትጠጪው ነበር።"

እጇን ሆዷ ላይ አሳረፈች። ቆይታ ተነሣችና ሾርባውን መልሳ አሞቀችለት። "ነገ አባቴ ዘንድ እኔ እሄዳለሁ" አለች። "አንተ ለጊዜው አትምጣ፤ አፍንጫህን ሲያይ ይብስበታል።"

በአራተኛው ቀን ውጤቱ መጣ። የማደሪያው የሽንት ቤት ፍሳሽ በድርቁ በተሰነጠቀው መሬት ውስጥ ሾልኮ ከአማቱ ጉድጓድ ውሃ ጋር ተገናኝቷል። ስቴርጊዮስ ወረቀቱን ይዞ ራሱ ሄደ። ኪር ዛፊሪስ ከቫያ ጋር ቤታቸው ተቀምጠው የታጠበ ብርጭቆ መልሰው ያጥባሉ።

"እንደ እንባ የጠራ ነበር" አሉ የወረቀቱን ቃል ከሰሙ በኋላ።

"ጠርቷል፣ አባባ። የሚገድለው ግን በዓይን አይታይም። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፤ ጓሮውን ማየት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። የአማቴ ነው ብዬ አላየሁትም።"

ሽማግሌው ብርጭቆውን አስቀመጡ። "ስንት ሰው ነው?"

"አሥራ አንድ።"

"ስማቸውን ጻፍልኝ።"

የበዓል ልብሳቸውን ለብሰው፣ አንገታቸውን በስታርች በደረቀ ኮሌታ አስረው፣ አሥራ አንዱንም ቤት ዞሩ። በየቤቱ ቆመው፣ "በኔ ሰበብ ነው የታመማችሁት፤ ይቅር በሉኝ" አሉ። አንዳንዱ አኮረፈ፤ አንዳንዱ አለቀሰ። ፓራስኮስ ግን ከአልጋው ቀና ብሎ፣ "ተዉት፣ ኪር ዛፊሪስ። በሐምሌ ወር ሙሉ ተኝቼ ስውል እኮ በሕይወቴ የመጀመሪያው ነው። ቪሲኖውም ግሩም ነበር" አላቸው። ከዚያ ሁሉ ሰው የሞተ የለም። የመጨረሻዋ የዳነችው ትንሿ ኤሌንጎ ናት። ጠጉሯ በትኩሳቱ ረግፎ እንደገና ሲበቅል፣ ድሮ እንደ ገለባ ቀጥ ያለው አሁን ተጠቅልሎ በቀለ። እናቷ በየመንገዱ እያስቆመች፣ "የኪር ዛፊሪስ ሥራ ነው" እያለች ታሳያለች።

የቀረው የዶምና ነገር ነበር። ውጤቱ ተነገረ፤ ሰው ግን አንዴ የሸሸበትን ወንበር ቶሎ አይመለስበትም። ቅዳሜ ቀትር ላይ ስቴርጊዮስ ያለ ቦርሳ ሱቋ መጣና ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። አይብ ሠሪ ቤት፣ ወተት በሚያረጉበት የጠቦት ጨጓራ መካከል ያደገ ሰው ነውና የጨጓራ ሽታ ሆዱን ይገለብጠዋል። ይህን ዶምናም ታውቃለች።

"ምን ላቅርብ?"

"አንድ ሳህን፣ ኪራ ዶምና። ሞላ ያለ።"

ገበያው ተሰበሰበ። ቃሪያ ሻጩም በአንድ ዓይኑ ሊያይ ንግዱን ትቶ መጣ። ስቴርጊዮስ የመጀመሪያውን ማንኪያ ሲጎርስ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሁለተኛውን በኮምጣጤ፣ ሦስተኛውን በዳቦ አወረደው። ቀስ እያለ ሳህኑን ጨርሶ በዳቦ ጠረገው።

"ልጨምርልህ?" አለች ዶምና።

"ደንቡ አንድ ሳህን ብቻ ነው የሚፈቅደው።"

"የትኛው ደንብ?"

"አሁን ያወጣሁት።"

ሳቁ እስከ ወደቡ ተሰማ። ከሳቁ በኋላ አንድ ጫኝ መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ፤ ቀጥሎ ሁለት፤ እስከ ማታ ድስቱ ባዶ ሆነ።

ኪር ዛፊሪስ ጉድጓዳቸውን በገዛ እጃቸው በድንጋይ ሞሉት። ጎረቤቶቻቸው አግዘዋቸው ሌሊት ቧንቧው ሲመጣ ውሃ የሚያጠራቅም ትልቅ በርሜል ተከሉ። በመስከረም ሱቁ ሲከፈት ስቴርጊዮስ ደጅ ቆሞ ግባ እስኪሉት ጠበቀ። ሽማግሌው በመነጽራቸው ላይ አዩት።

"ምን ትጠብቃለህ? ግባና መርምር። ከበረዶው ጀምር።"

ሁለት ሰዓት ሙሉ መረመረ። በርሜሉን፣ ጨርቁን፣ የማንኪያውን እጀታ፣ የጓሮውን ጥግ ሁሉ አየ። በመጨረሻም፣ "የበርሜሉ ክዳን በደንብ አይገጥምም፣ አባባ" አለ። ኪር ዛፊሪስ ክዳኑን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። "አሁን ተቆጣጣሪ ሆንክ" አሉት። ያን ቀን መጀመሪያ የጠጣችው ዶምና ናት፤ በረዶ አስጨምራ።

በታኅሣሥ መጨረሻ ቫያ ሴት ልጅ ወለደች። የክርስትና እናት ዶምና ትሁን ሲባል ኪር ዛፊሪስ ብቻ ትንሽ አጉረመረሙ፤ ሕፃኗ ነጭ ሽንኩርት እንዳይሸታት ነው አሉ። በክርስትናው ዕለት ቄሱ ሕፃኗን ውሃው ውስጥ ሊነክሩ ሲሉ ዶምና እጃቸውን ያዘች።

"አባቴ፣ ይቅርታ፤ ውሃው ከየት ነው የተቀዳው?"

ቄሱ ወደ ስቴርጊዮስ ዞረው፣ "ይህን ያስተማርካት አንተ ነህ?" አሉት። ስቴርጊዮስ ግን ቀድሞ ጠይቆ ነበር፤ ውሃው ከቧንቧ ነው፤ ተፈልቶም ነበር።

ከዚያ በኋላ ሃያ አራት ዓመት ሠራ። አዲስ ተቆጣጣሪዎች ሲመጡለት የመጀመሪያውን ሁለት ሳምንት ያለ ቦርሳና ያለ ኮፍያ ይሰዳቸው ነበር፤ ማን የት እንደሚበላ፣ ማን ከማን ውሃ እንደሚቀዳ እንዲያውቁ። መጀመሪያ የሚያስመረምራቸውም የሚወዱትን ሰው ጓሮ ነው። ኪር ዛፊሪስ በሰማንያ አንድ ዓመታቸው፣ በተተኮሰ ኮሌታ እንዳሉ አረፉ። የዶምናን ሱቅ የወንድሟ ልጅ ወረሰችው፤ እሷንም ስቴርጊዮስ አንዴ አሽጓታል።

ጡረታ የወጣ ቀን ገበያው ተዋጥቶ አንድ ጫማ አሠራለት። ዕድሜውን ሙሉ በየጓሮው ሲዞር ስንት ጫማ እንደጨረሰ ሁሉም ያውቃል። ጫማ ሠሪው ሽማግሌ፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ነበር፤ ጫማው ያምራል፣ ያብረቀርቃል፤ ግን ጠበበው። በዘመኑ ሁሉ ለማንም ጉድለቱን ፊት ለፊት ሲናገር የኖረ ሰው፣ ለዚያ ሽማግሌ ጠበበኝ ማለት አቃተው። በገበያው ውስጥ አንድ ዓመት ሙሉ በቀስታ ተራመደበት። ሰላም የሚለው ሁሉ፣ ጡረታ ደርሶ እርምጃውን አረጋጋ እያለ ያደንቀው ነበር።